ስሟን ብቻ ቀየራችሁ

ኡትሬክት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርገዱ
መካነ ሰላም

ይህ ደብዳቤ በመልካም ሁኔታ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅበረሰብዎ ያለኝን ልባዊ መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ኪዳነማርያም ነኝ፣ የአልታዬ ልጅ። እናቴ ከእርስዎ ጋር ሦስት ቤት ቆጥረን እንደምንገናኝ ነግራኛለች። እኔ እዚህ ሆላንድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። «አጋዥ» የሚባል ፕሮግራም አለን። ባለሙያው የባለጉዳዩን ታሪክ በአማርኛ ይነግረዋል፤ አጋዥ በጥሩ እንግሊዝኛ ሪፖርት ይጽፋል፣ የአደጋውን ደረጃ ያወጣል፣ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበትም ይመክራል። እርስዎ የሚሠሩበት «ጥላ» የቤተሰብ ድጋፍ ማዕከል ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተጠቃሚ እንዲሆን ማዕከላችሁን ለሚደግፈው በጎ አድራጎት ድርጅት ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በስሜትና በልምድ ሲሠራ የኖረው ሥራ ከእንግዲህ በእውቀት ይመራል ማለት ነው።

በመጋቢት የማኅበራዊ ሠራተኞች ቀን ይከበራል። ድርጅቱ እንደ እርስዎ ያሉትን ማመስገን ይፈልጋል። ስለዚህ አንጀት የሚበላ አንድ ታሪክ ቢልኩልኝ። ረጅም መሆን የለበትም፤ አጋዥ ያስተካክለዋል።

አክባሪዎ
ኪዳነማርያም

*

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪዳነማርያም፤

እንደምን ከረምህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መድኃኔዓለም ባለህበት ይጠብቅህ፤ ከብርድም ከትዕቢትም ይሰውርህ።

ደብዳቤህን ነጋዴው አሕመድኑር ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። እዚህ ስልኩ አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል፤ ወረቀት ይሻላል። ሰላምታህን ግን ደጋግሜ አነበብሁት። ደብዳቤው በመልካም ሁኔታ ያገኘኛል? ጠፍቼ ነው የሚፈልገኝ? ከቶ በእኛ ዘር እንዲህ የሚል ማን አለ? አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰላምታ ሲጀምር ከብቶቹን እንኳ አይረሳም ነበር። የአንተን ማሽንህ እንደ ጻፈልህ ገባኝ። ዘመዱን እንደምን ነሽ ለማለት የሰነፈ ሰው የማያውቀውን ሰው ሊረዳ ተነሣ፤ ጉድ ነው።

ታብሌቶቹ ደርሰዋል። ሊያሠለጥነን የመጣው ልጅ «ማኅበራዊ ሠራተኛ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀንና መልስ ሳይጠብቅ ራሱ መለሰ። «ርኅራኄ ማለት ነው» አለን። ርኅራኄማ የቤተ ክርስቲያን ደጅም የመስጊድ ደጅም ሞልቶ ያድራል። የእኔ ሥራ ሌላ ነው። ባሏ ያባረራት ሴት ችሎት ፊት ቃሏ እንዳይታሰር አጠገቧ መቆም ነው። ልጁን እንደሚደበድብ ከማውቀው አባት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ምቺው ምቺው እያለኝ፣ እንዳይሸሸኝ በለሰለሰ ቃል ማናገር ነው። የሰማሁትን ለባሌ እንኳ አለማውራት ነው። ተምሬዋለሁ፣ ተመርቄበታለሁ፣ ጠጉሬን አሸብቼበታለሁ። «በስሜትና በልምድ» ያልኸውን ልሳቅበት ወይስ ልቆጣ፣ ገና አልወሰንሁም።

ባልደረባዬ የኋላሸት ግን በአጋዥ ፍቅር ወድቋል። ስለ ሞግዚትነት ጠይቆት የነገረውን አንቀጽ ይዞ ችሎት ገባ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይህን አንቀጽ ያወጣው የትኛው ምክር ቤት ነው?» አሉት። አንቀጹ የለም! ከራሱ ፈጥሮ ነው። አዳራሹ ሲስቅ የኋላሸት ላብ በላብ ሆነ።

እኔ ጭራሹን አልጠላሁትም። ረጅም መመሪያ አሳጥሮልኛል፤ ከዋናው ጋር አመሳክሬ የሳተውን አርሜ ተጠቅሜበታለሁ። ለጽሕፈት ይሆናል። የሰው ጉዳይ ግን አላስገባበትም።

አንጀት የሚበላ ታሪክ ጠይቀኸኛል። የለኝም። እኔ ዘንድ ያለው የሰው ገመና ነው፤ እሱ ደግሞ የእኔ አይደለም።

እናትህ አልታዬ ጋ ኩታበር ስትደውል ሰላም በልልኝ። እሷ ሰላምታ ታውቃለች።

ይርገዱ

*

ኡትሬክት፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርገዱ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቃላትዎ ጠንከር ያሉ ቢሆኑም አልተቀየምኩም። ስልክ ወደ አገራችን ሲገባም የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በኋላ እነሱም ደወሉበት።

ደግነቱ ባልደረባዎ አቶ የኋላሸት እንደ እርስዎ አይደሉም። ደሴ ወርደው ሪፖርቶቻቸውን ልከውልናል። አንዱ የአንዲት ተማሪ ታሪክ ነው፤ ተጠልፋ፣ አምልጣ፣ ክስ መሥርታ፣ ችሎቱ እስኪደርስ ዘመድ ቤት የተሸሸገች። አጋዥ አሳምሮ ሲጽፈው እኔ ራሴ አለቀስኩ። በድርጅቱ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ወጥቷል። ስሟን «ፀሐይ» ብለን ስለቀየርነው አይጨነቁ።

የታሪኩ ጀግና ደግሞ እርስዎ ነዎት! በመጋቢት ደሴ ላይ ሽልማት ይሰጥዎታል። እስከዚያ አንድ ፎቶ ቢልኩልኝ፤ በሐበሻ ቀሚስ፣ ከኋላዎ ተራራ ቢታይ፣ ፈገግ ሳይሉ፣ ትንሽ ደከም ያሉ መስለው ቢነሡ የሰው ልብ ይነካል።

አክባሪዎ
ኪዳነማርያም

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኪዳነማርያም፤

ሰላምታ ይቆየን። ያን ጽሑፍ አውርደው። ይህ እንደ ደረሰህ፣ ከተቀመጥህበት ሳትነሣ።

ትናንት ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር ደወልሁልህ፤ አላነሣህም። አሕመድኑር አዲስ አበባ እንደ ገባ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል። የምጽፈው የእህል መኪናው ተጭኖ እስኪያበቃ ድረስ ቆሜ ነው።

ትናንት ሳሙና ልገዛ አሕመድኑር ሱቅ ገባሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እቴ ይርገዱ፣ ያች ልጅ ወግዲ ናት እንዴ ያለችው?» አለኝ።

ለነፍስ አባቴ ያልነገርሁትን ነው የጠየቀኝ።

«ማን ነገረህ?» አልሁት።

«ማንም። አዲስ አበባ ሳለሁ ስልኬ ላይ አነበብሁት። ፀሐይ ይሏታል እንጂ እሷው ናት። ወላሂ ለማንም አልተነፈስሁም።»

ስሟን ብቻ ቀየራችሁ። የአባቷን ሙያ እንዳለ ተዋችሁት፤ በዚህ ከተማ ያን ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ነው። የተሸሸገችበትን ቤት ማሽንህ «ከወግዲ ወጣ ብሎ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ ሰላም ባለበት ጎጆ» ብሎ አሳመረው። እዚያ አካባቢ ወፍጮ ስንት ይመስልሃል? የጠላፊዋ ወንድም አዲስ አበባ ነው የሚኖር። አሕመድኑር ያነበበውን እሱ የማያነብ ይመስልሃል?

ሾፌሩ እየጠራኝ ነው። ፎቶ ብለሃል። አትጠብቅ።

ይርገዱ

*

ኡትሬክት፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ይርገዱ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልእክትዎን በጥሞና ተመልክተነዋል። ጽሑፉ ለጊዜው ከፊተኛው ገጽ ወደ ውስጥ ገጽ ተዛውሯል።

ጉዳዩን ለሕግ ክፍላችን አሳይቻለሁ። አጋዥ የሰው ስም ሲያገኝ እንዲቀይር ነው የተሠራው፤ ቀይሯልም። «ባለጉዳይዋ ተስማምታለች» በሚለው ሳጥን ላይም ከማዕከላችሁ ምልክት ተደርጎበታል። ስለዚህ በእኛ በኩል የጎደለ ነገር የለም ብለዋል። እኔም በዚሁ እስማማለሁ፤ መሣሪያውን አጥፍቶ የተጠቀመ ሰው ካለ መሣሪያው አይወቀስም።

የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው። «በባለጉዳይዋ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» የሚል አጭር ማረጋገጫ በእርስዎ ፊርማ ቢልኩልን ጉዳዩ ይዘጋል።

አክባሪዎ
ኪዳነማርያም

*

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪዳነማርያም፣ ለሕግ ክፍልህም ጭምር፤

የትንሣኤው ጌታ ልብ ይስጣችሁ፤ ቢቻል ዓይንም ይጨምርላችሁ።

ጉዳት የለም ብለሽ ፈርሚ ብለኸኛል። የሆነውን ልንገርህ፣ ከዚያ አንተው ፈርም።

ያን ወረቀት ቆሜ የጻፍሁልህ ለት ከፖሊሷ ከብዙአየሁ ጋር የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወደ ወግዲ ሄድን። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው፤ የቀረውን በእግራችን ነው የጨረስነው። አክስቲቱ ደጇ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። እኔን ስታይ ደነገጠች።

«ደግሞ እናንተ ምን ልትገዙ መጣችሁ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትናንት ሁለት ጎረምሶች በሬ እንግዛሽ ብለው መጡ። በሬ የለኝም አልኋቸው። እነሱ ግን ጓዳዬን ነው የሚያዩት።»

እመቤቴ ረድታት ልጅቱ ሁለቱንም ቀን ለጉዳይ ቀበሌ ወርዳ ነው እንጂ ቤት ብትኖር ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ስትመለስ መንገድ ላይ ተቀበልናት። ልብስ እንኳ ሳትይዝ ይዘናት ወጣን። ብዙ ከሄድን በኋላ ቆመችና «ማን ነገራቸው?» አለችኝ። ብዙአየሁ «ወሬ ነው፣ አብሽሪ» ልትላት አፏን ስትከፍት ቀደምኋት።

«ከእኛ ቤት ነው የወጣው» አልሁ። «ለእኔ የነገርሽኝን ባልደረባዬ ለማሽን ነገረው። ማሽኑ ለዓለም ነገረ።»

«እኔ ለማሽን አልነገርሁም» አለች። «ለእርስዎ ነው የነገርሁ።»

ፊቷን አዙራ ቀድማን ሄደች። ማንም በማያውቅበት ቦታ አስቀመጥናት። ጎረምሶቹ ተመልሰው ሲያጧት የአክስቲቱን ክንድ በዱላ ሰበሩት። ጉዳት ማለት በእናንተ ሕግ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ አገር ክንድ ሲሰበር ይጮኻል።

የኋላሸትን «ሳትጠይቃት ለምን ተስማምታለች አልህ?» አልሁት። እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ሳጥኑን ካልነካሁት ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም» አለ። እሱን አልማርሁትም፤ በማዕከላችን ስብሰባ ፊት ተናግሬ ከዚያች ልጅ ጉዳይ አስወጥቼዋለሁ። ግን ያን ሳጥን የሠራውስ ማን ነው? እምቢ ማለት የሌለበት እሺ እኮ ጠለፋ ነው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ነው የተጠለፈች፤ አንዴ በጎረምሳ፣ አንዴ በእናንተ።

ሽልማቱ ቦታ ደሴ ሄጃለሁ። ለሽልማቱ አይደለም፤ ማዕከላቱን ሁሉ የሚያዙት ሰዎች በአንድ አዳራሽ ስለሚቀመጡ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ ስለ እኔ አነበበ። ተራራ በባዶ እግሬ እንደምወጣ፣ እንቅልፍ እንደማላውቅ፣ የእናትነት ፀሐይ እንደሆንሁ። ማን እንደ ጻፈው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማይኩን ተቀበልሁና «ጫማ አለኝ» አልሁ። ሳቁ። «እንቅልፍም እተኛለሁ፤ ደሞዝም ይከፈለኛል፤ ሙያ ስለሆነ። እኛን ማመስገን ከፈለጋችሁ ሰው አምኖ የነገረንን አትውሰዱብን። ማሽኑ መመሪያ ያንብብልን፣ ይተርጉምልን። የሰው ጉዳይ ግን ባለቤቱ በገዛ ቋንቋው ሳይሰማው፣ እምቢ ማለትም እንደሚችል ሳያውቅ አይግባበት። ስሕተት ሲሠራም የሚጠየቅ ሰው ይኑር፤ ማሽን አይታሰርም» አልኋቸው። የልጅቱን ነገር ግን አላነሣሁም። አጨበጨቡ። ማጨብጨብ ምን ይገዳል። ዋንጫቸውን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገጽ አዛወርነው ብለሃል። እሳት ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት አዛወርሁ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። አንተን አየሁ።

ይርገዱ

*

ኡትሬክት፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ይርገዱ፤

እንደምን ከረሙ? ልጆችዎ፣ ባለቤትዎ፣ ከብቶቻችሁ ሁሉ ደኅና ናቸው? ይኸን የምጽፈው እኔው ነኝ። አማርኛ በእጄ ከጻፍኩ ስለቆየሁ ፊደሌን ይታገሡኝ።

ለረጅም ጊዜ አልመለስኩልዎትም። ተናድጄብዎት ነበር። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አሳቅኳቸው። «ማሽን አይታሰርም» ያሉትን ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ከዚያ እናቴ ከኩታበር ደወለች። ጎረቤቷ ጽሑፉን ከስልኩ አንብቦላታል፤ የልጇ ሥራ ነው ብሎ። ትመርቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «ያች የእገሌ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። የአባቷን ስም ጠራችው። ኩታበር ከመካነ ሰላም ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ሰምታ አወቀቻት። «አይደለችም» አልኳት። «አትዋሸኝ፤ ያን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ማን አለ? ቤተሰቦቿ ይህን እንድትጽፍ ፈቀዱልህ?» አለችኝ። ስልኩን ዘጋችብኝ። እናቴ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም።

በማግሥቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ጽሑፉን አወረድኩት። ሌሎች ቦታዎች ላይ የተገለበጠውንም እየተከታተልኩ አስነሣሁ፤ ያልደረስኩበት ሊኖር ይችላል። ሳጥኑም ባዶ ሲተው ታሪኩ ሳይወጣ ሥራው እንዲቀጥል አደረግኩት። በዚህ ምክንያት ከቡድኑ አስወጥተውኛል። አሁን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ቢያዝኑልኝም እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ።

የልጅቱን ስም አልጠይቅዎትም። የአክስቷ ክንድ እንዴት ሆነ? እሷስ?

ኪዳነማርያም

*

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኪዳነማርያም፤

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረህ። ዘግይቷል፤ አንተም ዘግይተሃልና ይቅር እንባባላለን፣ ለሰላምታው ብቻ። ከብቶቹን ስለ ጠየቅህ ላሟ ወልዳለች።

የአክስቲቱ ክንድ ገጥሟል፣ ጠምሞ ነው እንጂ። ውኃ አትቀዳበትም። የሰበሯት ጎረምሶች ክሳቸው ገና እየታየ ነው።

የጠላፊው ችሎት ግን አበቃ። ዳኛው በዝግ እንዲታይ አዘው ነበር። ልጅቱ ገብታ ተናገረች፤ እኔ አጠገቧ ነበርሁ። የተከሳሹ ጠበቃ ከቦርሳው ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የእናንተን ገጽ። አንተ ከማውረድህ በፊት አትሞ ይዞት ኖሯል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህች ልጅ ለዝና ብላ ነው። ይኸው ለውጭ አገር ሰዎች የሰጠችው ቃል» አለና አነበበው። «በጨለማው ውስጥ እንኳ የተስፋዬ ፀሐይ አልጠለቀችም» ይላል። ዳኛው ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ይህን ብለሻል?»

«አላልሁም።»

«ታዲያ ምን ነበር ያልሽው?»

«ልቀቀኝ፣ እናቴ ዘንድ ልሂድ ነው ያልሁት። ፀሐይ የሚባል ነገር አላነሣሁም።»

ጠበቃው ወረቀቱን አጠፈው። ማሽንህ ያላለችውን አስብሏት የጠላፊዋ ምስክር ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰውየው ተፈረደበት። ብዙ ዓመት ይቀመጣል።

የኋላሸት አሁንም አብሮን ይሠራል። ጉዳይ ሲይዝ የጻፈውን ለባለጉዳዩ ጮኽ ብሎ ያነባል። ባለፈው አንዲት አሮጊት «ይኸን አጥፋው» ስትለው ዓይኗ እያየ አጠፋው። ታብሌቱን አልሰበርነውም። የፍርዱን ውሳኔ በቀላል አማርኛ ጻፍልን ብለነው፣ ስም ሁሉ አጥፍተን፣ ዳኛው ካረሙልን በኋላ ለልጅቱ አንብበንላታል። ለዚህ ይሆናል ብዬሃለሁ፤ ከመጀመሪያውም ብዬሃለሁ።

ከእኔ ይቅርታ እንደምትጠብቅ መስመሮችህ ይናገራሉ። የምሰጠው ይቅርታ የለኝም፤ የእሷ ነው። እኔንም ቢሆን ከችሎቱ በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። መጋዘን ውስጥ መሥራትህን ለሚጠይቀኝ ዘመድ ሁሉ እንደ ውርደት አላወራውም፤ ከፊተኛው ሥራህ ይልቅ የሚያኮራ ስለሆነ።

ስለ እሷ ጠይቀኸኛል። ደብዳቤህን አነበብሁላት፤ ምን ልበለው አልኋት።

«ትማራለች በሉት» አለች።

«የት ቢለኝስ?» ብዬ ፈተንኋት።

«እሱን አይንገሩት» አለች።

ይርገዱ